“ሰው አያነብም” ያለው ማነው?

(ከዚህ በታች የቀረበው ነፃ ጋዜጠኛ የሆነው ጸሐፊያችን በአዲስ አበባ ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለማስታወቂያ ሠራተኞች ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ትንሽ እንዲያሳጥረው ብንጠይቀው “እንግዲያው ንግግሩን አልሰማችሁትም ማለት ነው” ስላለን እንዳለ አትመነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)



ወደዚህ መድረክ ከመውጣቴ በፊት አዘጋጁ ወንድማችን ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ “አደራህን አሳጥረው፤ የዘንድሮ ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይሰማም” አለኝ። እኔም “እሺ” አልኩት። እሱ ግን ይህችን ምክር መክሮኝ እስኪጨርስ ሩብ ሰዓት ፈጀ። (ሳቅ) እኔም ቆሜ ሰማሁት። ለምን ሰማሁት? ጉዳዩ የራሴ ስለሆነ ነዋ! በራሱ ጉዳይ ጆሮ የሚያጥረው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው። “ገዢ ትዕግሥት የለውም፣ አያነብም፣ ስለዚህ ማስታወቂያ ማጠር አለበት” የሚባለው ነገር ከየት መጣ? እውነትነቱስ እስከ ምን ድረስ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በዚህ አባባል የሚጠቀመው ማነው? የሚጎዳውስ?

የዓሣዋ ተረት

ከእናንተ መካከል ማስታወቂያ ቢሮ የረገጠ ሰው ካለ ይህን ሳይሰማ አልቀረም። “የሰው ልጅ ትኩረት ስምንት ሰኮንድ ነው። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የምትዋኘው ጎልድፊሽ የምትባለዋ ዓሣ ግን ዘጠኝ ሰኮንድ ታተኩራለች። ስለዚህ ሰው ከዓሣ አንሷል!” ይባላል። ይህን ብሎ ሠልጣኙን የሚያስቅ አሠልጣኝ ስንቱ ነው!

ነገሩ የተሠራጨው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የማይክሮሶፍት የካናዳ ቅርንጫፍ ለማስታወቂያ ሰዎች የሚሆን አንድ ዘገባ አወጣ። እዚያ ላይ በ2000 አሥራ ሁለት ሰኮንድ የነበረው የሰው ትኩረት በ2013 ወደ ስምንት ሰኮንድ ወረደ የሚል ቁጥር ሰፈረ። ዓሣዋም አብራ ተለጠፈች። የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። ማን ይጠይቅ? ቁጥር አለው፣ ዓሣ አለው፣ ያስቃል፣ አለቀ!

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የቢቢሲ ሰዎች “እስቲ የዚህን ቁጥር አባት እንፈልግ” ብለው ተነሡ። ቁጥሩን ማይክሮሶፍት ራሱ ለክቶ ያገኘው አልነበረም፤ ከሌላ የቁጥር ሰብሳቢ ድርጅት የተወሰደ ነው። ድርጅቱ “ምንጮቼ እነዚህ ናቸው” ያላቸውን ሄደው ቢጠይቁ፣ አንዳቸውም ማስረጃውን ሊያገኙት አልቻሉም። በእንግሊዝ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የሆኑት ዶክተር ጄማ ብሪግስም “የሰው አማካይ ትኩረት ይህን ያህል ሰኮንድ ነው” የሚለው አነጋገር ራሱ ትርጉም እንደሌለው፣ ትኩረት እንደ ሥራው እንደሚለያይ አስረዱ። ምስኪኗ ዓሣም ያለ ስሟ ስም ተሰጥቷታል። ተመራማሪዎች የማስታወስ ችሎታን ለማጥናት በዓሣ የሚጠቀሙት እኮ ዓሣ ስለምታስታውስ ነው!

እንግዲህ አባቱ ያልታወቀ ቁጥር ይዘን ነው ደንበኞቻችንን ከዓሣ በታች ናቸው ስንል የኖርነው። አይ ጉድ!

የማልክደው ነገር

ሚዛናዊ ልሁን። “ምንም አልተለወጠም” ብል እዋሻለሁ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅርንጫፍ ፕሮፌሰር የሆኑት ግሎሪያ ማርክ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ ሲሠሩ በአንድ ስክሪን ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ለዓመታት ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ወደ 47 ሰኮንድ ወርዷል። በ2023 ባወጡት መጽሐፍ በዝርዝር ጽፈውታል። ይህ ቁጥር አባት አለው፤ አልክደውም።

ግን ምን ማለት እንደሆነ እንጠንቀቅ። ሰውየው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል ማለት እንጂ ማንበብ ተስኖታል ማለት አይደለም። ኸርበርት ሳይመን የሚባሉ፣ በኋላ በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙ አሜሪካዊ ምሁር፣ ገና በ1971 ነገሩን አይተውት ነበር። መረጃ ሲበዛ የሚያልቀው የተቀባዩ ትኩረት ነው ነው ነገራቸው። መርካቶ ገብታችሁ እዩት። መቶ ሻጭ በአንድ ጊዜ “ና! ግባ! እዚህ ነው!” ሲላችሁ ለሁሉም አትቆሙም። ለመቶውም አለመቆማችሁ ግን ፈዛዛ አያሰኛችሁም። ጫማ ልትገዙ መጥታችሁ ስለ ድስት የሚጮኸውን ብታልፉት ምን ይገርማል? ጫማው ቤት ከገባችሁ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ሶሉን ታጥፉታላችሁ፣ ስፌቱን ታያላችሁ፣ “ዝናብ ይችላል?” ትላላችሁ፣ በዋጋው ትከራከራላችሁ።

ልዩነቱ ይኸው ነው። ሰው ቶሎ የሚወስነው “ይኼ ነገር እኔን ይመለከተኛል ወይስ አይመለከተኝም?” የሚለውን ነው። እሱን ለመወሰን እውነትም ጥቂት ሰኮንድ ይበቃዋል። ይመለከተኛል ካለ በኋላ ግን የሚፈልገው ሁሉንም ማወቅ ነው። የኛ ስሕተት ለበሩ የሚበቃውን ጊዜ ለቤቱም ይበቃል ማለታችን ነው።

የሙያው አባቶች ምን አሉ?

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ዴቪድ ኦጊልቪ የሚባለው ስመ ጥር የማስታወቂያ ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሮልስ ሮይስ መኪና አንድ የመጽሔት ማስታወቂያ ሠራ። ከመጻፉ በፊት ስለ መኪናው ሲያነብ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ርዕሱ በሰዓት 60 ማይል ሲነዳ በመኪናው ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ነው የሚል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር። ከሥሯ ግን ከ600 በላይ ቃላት ሰፈሩ፤ ሁሉም ስለ መኪናው አሠራር የሚናገሩ ነጥቦች ናቸው። ዛሬ ቢሆን አለቃው “ማን ያነበዋል?” ብሎ ይቀደው ነበር። ያ ማስታወቂያ ግን እስከዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይጠናል።

በዚያው ሰሞን፣ በ1959፣ ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው ድርጅት ለቮልስዋገን የሠራው ማስታወቂያ ባዶ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና አስቀመጠ። እኛ “ቮልስ” የምንላት ማለት ነው። ርዕሱ ሁለት ቃል ብቻ! “ይኸው! አጭር ነው የሚሸጠው!” የሚል አለ። ግን ገጹን ወደ ታች ተመልከቱት። ከሥሩ ትንሿ መኪና ለነዳጅ፣ ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለመድን ምን ያህል እንደምታቆጥብ የሚያስረዳ ጽሑፍ አለ። አጭሩ ይጠራል፤ ረጅሙ ይሸጣል።

ሦስተኛ ልጨምር። ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 2003 ድረስ አዳዲስ ደንበኛ ለመጥራት የላከው አንድ ደብዳቤ አለ። ማርቲን ኮንሮይ የሚባል ሰው የጻፈው ነው። ከአንድ ኮሌጅ አብረው ስለተመረቁ ሁለት ወጣቶች በተረት መልክ ይጀምርና ሁለት ገጽ ይሄዳል። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ያልተለወጠው እየሸጠ ስለነበረ ነው። የማይሸጥ ወረቀት ይህን ያህል ዘመን ፖስታ እየከፈለ የሚልክ ነጋዴ የለም።

“ያ የድሮ ነው፤ ዛሬ ስልክ ነው” ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ስልኩ እንምጣ። ቫይን የሚባል ስድስት ሰኮንድ ብቻ የሚፈቅድ የቪዲዮ አገልግሎት በ2013 ተጀመረና ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ልጆቻችን የማይለቁት ቲክቶክስ? በ15 ሰኮንድ የጀመረ ነው። ወደ አንድ ደቂቃ ከፍ አለ፤ በ2021 ሦስት ደቂቃ፣ በ2022 አሥር ደቂቃ ፈቀደ። ትዊተርም በ2017 ከ140 ፊደል ወደ 280 አሳደገው። ሰው ከስምንት ሰኮንድ በላይ የማያይ ከሆነ እነዚህ ድርጅቶች የሚያስረዝሙት ለማን ነው? ገንዘባቸውን የሚያፈስሱ ሞኞች አይመስሉኝም።

የኛ ሰውስ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጅ ሆኜ አጎቴ አራት ኪሎ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እሱ በጥቂት ሳንቲም ጋዜጣ ይከራይና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ስኳሩ የሚጣበቅ ከረሜላ ይዤ እጠብቀዋለሁ። አካባቢው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያነብ ሰው ነበር። የፊት ገጹ ርዕስ የሚጮኸው ጋዜጣውን ለማስከራየት ነው። አጎቴ ግን ርዕሱን አይቶ አይመልሰውም። ወደ ገጽ አምስት፣ ወደ ገጽ ሰባት ዞሮ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ሙሉ ገጽ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ይጨርሰዋል። አከራዩ “ጋሼ፣ ሰዓቱ አለፈ” ሲለው “ቆይ፣ አንዲት አንቀጽ ናት የቀረችኝ!” ይላል። እኔም ጋዜጠኛ ልሁን ያልኩት እዚያ ይመስለኛል።

ታላላቆቻችን ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሲያነብ ሰፈር ጸጥ ይል እንደነበር ይነግሩናል። ያን ዳጎስ ያለ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ! ሕዝቡ ታሪኩን በአንድ ደቂቃ ጨምቁልኝ አላለም። የሚቀጥለው ክፍል እስኪደርስ ነው የጓጓው።

በሌላ በኩል አጭር ሲያስፈልግ አጭር እናውቃለን። የታክሲ ረዳት “ፒያሳ! ፒያሳ!” ይላል እንጂ የመንገዱን ታሪክ አይተርክም። ትክክል ነው። የሚጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ወዴት ነው? የሚከፈለውም ትንሽ ነው፤ ብንሳሳት ወርደን ሌላ እንይዛለን። እንግዲህ የጽሑፍን ልክ የሚወስነው ይህ ነው እላለሁ። ገዢው ቢሳሳት የሚያጣው ምንድን ነው? ክብሪት ከሆነ አንዲት ቃል ይበቃል። የልጅ መድኃኒት፣ የኮሌጅ ክፍያ፣ ቤት ከሆነ ግን አንዲት ቃል አይበቃም። ወንጀል ነው!

የኔ ኃጢአት

እዚህ ላይ የራሴን ልናዘዝ። ጋዜጣ ብቻ እንደማያበላ የምታውቁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት እየሠራ ለሚሸጥ አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቆየን፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተቀጠርኩ። አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ቅድሚያ የሚከፈለው ስንት ነው? ቤቱ መቼ ያልቃል? ቢዘገይ ምን ይሆናል? በመካከል ዋጋ ይጨምራል ወይ? ሥራ አስኪያጁ አነበበውና፣ “ወንድሜ፣ ይኼ ማስታወቂያ ነው ወይስ የክስ ቻርጅ? ሰው አያነብም!” አለኝ። እስክሪብቶ አንሥቶ ሠረዘ፣ ሠረዘ። የቀረው “ሕልምዎን እውን ያድርጉ! ጥቂት ቤቶች ብቻ ቀርተዋል! ዛሬውኑ ይደውሉ!” የሚል ሆነ። አሥራ አምስት ሰኮንድ የሚሆን ቪዲዮ ተሠራበት። እኔም ተከፈለኝና ዝም አልኩ።

ቪዲዮውን ጅዳ ሆና በስልኳ ካዩት ሰዎች አንዷ የአክስቴ ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበራት። “ጥቂት ብቻ ቀርተዋል” ሲባል ደነገጠች፤ በወንድሟ በኩል ቅድሚያውን ከፈለች። ውሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ አራት ገጽ! ከመካከሉ አንድ ቦታ ላይ፣ የግንባታ ዕቃ ሲወደድ የቤቱ ዋጋ ይስተካከላል ይላል። ተስተካከለ። ሁለት ጊዜ ተስተካከለ። እስከዛሬ ድረስ እዚያው ጅዳ ናት፤ ጭማሪውን ለመክፈል።

ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? “ወንድምዬ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ይኼ ነገር ማስታወቂያው ላይ ለምን አልተጻፈም? ተጽፎ ቢሆን እኮ አነብ ነበር” አለችኝ።

አነብ ነበር! ክቡራትና ክቡራን፣ ይህችን ቃል እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳትም። ጽፌው እንደነበር፣ ሲሠረዝም እዚያው ቁጭ ብዬ እንዳየሁ ለመንገር ግን አፌን ያዘኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እስቲ ልብ በሉ። “ሰው አያነብም” ያለው ድርጅት ራሱ ሠላሳ አራት ገጽ ውል አዘጋጅቷል። ለመሸጥ አሥራ አምስት ሰኮንድ፣ ለማሠር ሠላሳ አራት ገጽ! ሰው እንደሚያነብ ያውቃል ማለት ነው። ያልፈለገው ከመክፈሉ በፊት እንዲያነብ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው “አሳጥረው፣ ሰው አያነብም” ሲለኝ፣ “የትኛው መስመር ነው እንዳይነበብ የፈለግኸው?” ብዬ እጠይቃለሁ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። “በቂ” ይላል እንጂ “አጭር” አይልም።

ባለ ባልትናዋ እመቤት

ሁሉም እንደዚያ አይደለም። እኔ ሰፈር አንዲት ባልትና የሚሸጡ እናት አሉ። በርበሬ ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል የሚል ወሬ በበረታ ጊዜ ገበያቸው ቀዘቀዘ። ልጃቸው “ማዘር፣ ቆንጆ ባነር ላሠራልዎት፤ ‘ምርጥ በርበሬ’ የሚል” አላቸው። እሳቸው ግን በእጃቸው ጽፈው ግድግዳው ላይ አንድ ሉክ ወረቀት ለጠፉ። በርበሬው የማረቆ መሆኑን፣ በስንት እንደገዙት፣ ስንት ቀን እንደተሰጣ፣ ምን ምን ቅመም በምን ያህል እንደገባበት፣ የት ወፍጮ እንደተፈጨ፣ ላስፈጨበት ስንት እንደሚጨምሩ፣ የማይጥም ካለ እንደሚመልሱ። ከላይ በቀይ ያሰፈሩት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ “በርበሬዬ ውስጥ ያለው ይኸው ነው” ይላል።

ሄዳችሁ እዩ። ሰው ወረፋ ይዞ ቆሞ ያነባል። ያነበበው ላላነበበው ይነግራል። ሚስቱ የላከችው ሰውዬ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክላታል። እኚህ እናት ስለ ኦጊልቪ ሰምተው አያውቁም። ግን ርዕሱ አጭር፣ ዝርዝሩ ሙሉ! ሮልስ ሮይስን በበርበሬ ሠሩት።

ምን እናድርግ?

ወደ ማጠቃለያው ልምጣ። አዘጋጁ ሰዓቱን እያየ ነው። (ሳቅ)

አንደኛ፣ መጀመሪያዋ መስመር ላይ ድከሙ። ማንን እንደምትጠራና ለምን እንደምትጠራው ትናገር። ዩቲዩብ ላይ ከአምስት ሰኮንድ በኋላ ማስታወቂያን መዝለል ከተፈቀደ ከ2010 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ድርጅታችሁ የተመሠረተበትን ዓመት በመጀመሪያ አትንገሩን።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ጻፉ። “በውስጥ መስመር ያናግሩን” የሚባለው ነገር ምንድነው? ዋጋ እኮ ብልግና አይደለም፣ በጆሮ የሚነገር!

ሦስተኛ፣ ቦታው ጠባብ ከሆነ ጌጡን ቁረጡ እንጂ ነጥቡን አትቁረጡ። በእጅ ስልክ የሚላከው አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሲይዝ በኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። “ውድና የተከበሩ ደንበኛችን” ብላችሁ ስትጀምሩ የቦታው ሩብ ሊያልቅ ምን ቀረው? ዋጋውንና ቀኑን ጻፉበት፤ የቀረው የት እንደሚገኝ አመልክቱ።

አራተኛ፣ መርዘም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ባዶ ወሬ የሞላበት ሦስት ገጽ ከባዶ አሥራ አምስት ሰኮንድ የከፋ ነው። ደንበኛው የሚጠይቀው ጥያቄ ሲያልቅ ጽሑፉም ይለቅ። ጥያቄዎቹን ካላወቃችሁ ስልክ የምታነሣዋን ሠራተኛችሁን ጠይቋት። ቀኑን ሙሉ የምትመልሰው ያንኑ ነው።

ቡና ስናፈላ አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። የቸኮለ ሰው አቦልን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል፤ ማንም አይቀየመውም። የተቀመጠው በረካን ይጠጣል። ግን “ሰው ቸኩሏል” ብላ ጀበናውን ከአቦል በኋላ የምትደፋ እመቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። ለቸኮለው አቦሉን ስጡት። ለተቀመጠው ግን፣ ገንዘቡን ሊያወጣ ላሰበው፣ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ለሠራችው፣ በረካውን አትንፈጉ።

አዘጋጁ “አምስት ደቂቃ” ያለኝን አላከበርኩም፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ግን ዞር ብዬ ሳየው፣ እሱም እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ሰምቷል። (ጭብጨባ)